በበዓለ ሃምሳ የጾመችው እናቴ

የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ዘጠኝ ዓመቴ እመለሳለሁ። ቤታችን ወረታ ዳር፣ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ላይ ነበር፤ ኅዳር ሲገባ ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በጋሪ እየተጫነ ወደ ወፍጮ ቤት ስለሚጎርፍ ያ ጉርምርምታ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን የወለደችው በዚያ ወቅት ነው። ከዚያ በፊት ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ፣ ነገር የማያልፋት ሴት ነበረች። አባቴ ቄስ ነውና ሰው ሁሉ «መምሬ» እያለ ጎንበስ ሲልለት፣ እሷ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «ዛሬስ ቅዳሴውን ያስረዘሙት የኔን ወጥ ፈርተው ነው?» ትለው ነበር።

ከወሊዱ በኋላ ሳቋ ጠፋ። ወንድሜ ክርስትና የተነሣ ዕለት፣ እንግዳው እልል ሲል እሷ ጓዳ ገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣ አገኘኋት። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» ብላት «ደክሞኝ ነው» አለችኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀን ምንም አትቀምስም፣ ማታም ሁለት ጉርሻ ወስዳ እጇን ትታጠብ ነበር። ጡቷ ደርቆ ስለነበር ከጎረቤት የላም ወተት እያመጣሁ ወንድሜን በጡጦ የማጠጣው፣ በአንቀልባ አዝዬ የማባብለው እኔ ነበርሁ። የጎረቤት ሴቶች ግን «ጨቅላ ይዛ እንዲህ መጾም! የቄስ ሚስት ማለት እሷ ናት» እያሉ ያደንቋት ነበር፤ እኔም በኩራት አንገቴን አቀና ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ፋሲካ መጣ፤ በግ ታረደ፣ ሁሉም ፈሰከ። እናቴ ለሁላችን አቅርባ ራቅ ብላ ተቀመጠች። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም የቄስ ልጅ ቀርቶ ማንም ያውቃል። ሳምንቱ ሲያልፍ፣ ሌላውም ሲከተል፣ ቀሚሷ እየሰፋባት ሲሄድ አላስችል አለኝና አባቴ በረንዳ ላይ ዳዊት ሲደግም ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ።

«አባባ፣ በሃምሳው ይጾማል እንዴ?»

«አይጾምም።»

«እማ ግን ትጾማለች።»

ዳዊቱን አጥፎ ጭኑ ላይ አኖረ። «የንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጥተዋት ይሆናል። እሱ በእሷና በሳቸው መካከል ነው፤ አይጠየቅም፣ ልጄ። እኔም ብሆን አልጠይቅም» አለኝ። ቄስ ባይሆን ኖሮ ይጠይቃት ነበር እላለሁ። የሰው ምስጢር ላለመንካት ሲጠነቀቅ ሚስቱ ዓይኑ ሥር ታልቅ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ፣ ሜዳው ባሕር በሚመስልበት ጊዜ የንስሐ አባቷ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። አባቴ እየፈራ፣ «አባታችን፣ ቀኖናዋን ትንሽ ቢያቀሉላትስ?» አላቸው። ሽማግሌው የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «የምን ቀኖና? እኔ እኮ ስእለት አለባት፣ መምሬም ያውቃሉ ብዬ ነው ዝም ያልሁት!» ሁለቱ ካህናት ተያዩ። እናቴ በመካከላቸው፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን እንኳ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት አልነበረም።

ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደናት ሰነበትን። ጀርባዋን የማጥባት እኔ ነበርሁ። አንድ ጧት ውሃው ውስጥ እንዳለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ልጄ፣ ተኝቼ ባልነቃ እወድ ነበር» አለችኝ። እጄ ጀርባዋ ላይ ቀረ። «ይሻልሻል፣ እማ» አልኋት። ለአባቴም ሳልነግር ቀረሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ከተባለ አይነገርምም ብዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማለዳ ስነሣ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሄጄ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር።

በዓመቱ ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፍል ውሃው ነው ያለም፣ ጸሎቱ ነው ያለም ነበር። ሳቋ ግን እንደ ድሮው ሳይሆን ቀረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የእናቴን በሽታ የደበቅንባት ግን እኛ ነበርን፣ ያውም እያመሰገንናት።

ዛሬ ያ ነገር ድባቴ እንደሚባል አውቃለሁ። አምና ደግሞ ገበታ መራቅ ስትጀምር ቀጥታ ጠየቅኋት፤ እንቅልፏን፣ ሐሳቧን፣ መሞት ትመኝ እንደሆነም ሳይቀር። «እመኛለሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ቀጠሮዋን አናሳልፍም። ዕውቀት ካለ ሁሉ ነገር ይቀላል ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ምንም ሳናውቅ ዝም ብለን እናያት ነበር፤ አሁን አውቄም፣ ጠይቄም፣ በምሳ ሰዓት ጉርሻ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ትጎርስልኛለች። አንዳንድ ቀን «አልቻልሁም፣ ልጄ» ትለኛለች፣ እኔም «እሺ፣ እማ» ብዬ አጠገቧ እቆያለሁ።