የገናሌ ዳር ወይን

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ከዝዋይ አንድ ካርቶን ወይን ይዞልኝ መጣ። አንዷን ፍሬ ቀምሼ መልሼ አስቀመጥኩ። "ጎመዘዘሽ እንዴ እማማ?" አለኝ። ጣፋጭ ነበር፤ ጥርሴም እግዜር ይመስገን ደህና ነው። ምክንያቱን ግን ነግሬው አላውቅም።

በንጉሡ ዘመን ነገሌ ነበርን። አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በአንድ ሚያዝያ አልጋ ያዘ፤ ሐኪሙም ተስፋ ቆረጠ። አባቴ ሞትን አልፈራም፤ የፈራው ሳይቆርብ መሞትን ነው። የቅዳሴው ዘቢብ ደግሞ አልቋል፤ ዝናቡ የሀገረ ማርያምን መንገድ ስለዘጋው መኪና አይገባም። የንስሐ አባታችን ቄሱ እርጥብ የወይን ፍሬም ቢገኝ ይሆናል አሉ። በእኛ አገር ወይን የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንድ ጣሊያን አልምቶት፣ አገሩ በጦርነቱ ሲሸነፍ ባዶውን የቀረ የገናሌ ወንዝ ዳር እርሻ።

አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔ ወረድኩ። መንገድ የመሩኝ ጎረቤታችን ኦቦ ጂሎ ናቸው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየበረታ፣ ዛፉ እያጠረ ሄደ። አራት ሱቅ ባላት አንዲት ከተማ የግመል ወተት ጠጣን። ባለሱቋ "ናጋ?" ብላ በፈገግታ ተቀበለችን፤ ወዴት እንደምንሄድ ስትሰማ ግን ኩባያውን እስክመልስላት ቀና ብላ አላየችኝም።

እርሻው ጋ ስንደርስ ዝንጀሮዎች ዙሪያውን ከበው ቁጭ ብለዋል። ወይኑ በስሎ ጠቁሯል፤ አንዱም አልነካውም። ዝንጀሮ በቆሎ ላይ የሚያደርገውን እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝና ነገሩ አላማረኝም። ጠጋ ስል ሐረጉ በየረድፉ ተገርዟል፤ የተቆረጠው ጫፍ ገና እርጥብ ነው። ጭቃው ላይ ግን ከእኔ በቀር የሰው ዱካ የለም።

"ኦቦ፣ ማን ነው የሚገርዘው? እናንተ ናችሁ?"

"እኛ እዚህ አንገባም፤ ከብታችንም አይገባም" አሉኝ ከአጥሩ ውጪ ቆመው። "ፈረንጁ ሲሄድ ያየ ሰው የለም፣ ልጄ። ቶሎ ቁረጪና ውጪ።"

እየቆረጥኩ ሳለ ከረድፉ ወዲያኛው ጫፍ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቀጭ። ዝንጀሮዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ቅርጫቴን ታቅፌ ሮጥኩ።

አባቴ ወይኑን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ከየት አገኘሽው?"

"ከጣሊያኑ እርሻ።"

ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። "ተገርዟል?" አለኝ። እኔ ስለ መገረዙ ገና አልተነፈስኩም ነበር።

"አዎ።"

"ቄሱን ጥሪልኝ። ያልነገርኳቸው አለ።"

ቄሱ ብዙ ቆይተው ሲወጡ ማናችንንም አላዩም። የተናዘዘውን አልሰማሁም፤ የምሰማውም አይደለም። ጣሊያኑ ከዚያ እርሻ በሕይወት እንዳልወጣና ይህንንም አባቴ እንደሚያውቅ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ፈራሁት፤ አዘንኩለትም።

"ከዚያ ወይን አልቀበልም፤ መንገዱ እስኪከፈት እጠብቃለሁ" አለ። ሐኪሙን እስኪገርመው ድረስ አባቴ እህል በአፉ ሳይዞር፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ጠበቀ። ጭቃው ደርቆ ዘቢቡ ሲገባ በቃሬዛ ወስደውት ቆረበ። በማግሥቱ አረፈ።

ሰው ሁሉ "እንደ አባትሽ የታደለ የለም" ይለኛል። እውነት ነው፤ እኔም እጽናናበታለሁ። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሁለት ነፍስ እንዲታሰብልኝ እለምናለሁ። ካህኑ የአባቴን ክርስትና ስም ተቀብለው "የሁለተኛውስ?" ይሉኛል። አላውቀውም እላቸዋለሁ።