አባቴ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት

አባቴ ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። እኔ ያን ዓመት ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። ሰኔ ገባ፤ መሬቱ ተደጋግሞ ታረሰ፤ ማዳበሪያ ግን የለም። ዛሬ ነገ ሲባል የመዝሪያው ጊዜ ደረሰ። ገበሬዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተመካከሩና ቁይ ድረስ በእግር ሄደው ወረዳውን ሊጠይቁ ተስማሙ። ፓርቲ የላቸው፣ አለቃ የላቸው። ከየጎጡ ሰው እየተጨመረ፣ ሴቶችም እየተቀላቀሉ ሄዱ።

አባቴ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነበር። የእኛ አገር ገበሬ ለቅሶም ቢሄድ፣ ሰርግም ቢሄድ ዱላውን አይተውም። ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛ መጥቶ ሲጠይቀው፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ዝናቡ ረጋ ብሎ አስረዳ። ጋዜጠኛውም "ማታ ይተላለፋል" ብሎት ሄደ። አባቴ ደስ አለው። እኔ ዘንድ ደውሎ "አንቺም እዪ" አለኝ። ራሱም ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ ጎረቤቶቹን ይዞ ቴሌቪዥን ያለበት ጠላ ቤት ገባ።

እኔ አከራዬ ቤት ሆኜ አየሁት። አባቴ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን የለም። በላዩ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። ማሳውን ሊያሳይ ዱላውን ወደ ቆላው ሲቀስር፣ ያቺው ምስል ቆማ ቀረች። "በጥቂት ፀረ ልማት ኃይሎች የተቀሰቀሱ፣ ዱላ የያዙ ሁከት ፈጣሪዎች" አለ ዜና አንባቢው። ማዳበሪያ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልወጣውም።

አከራዬ አባቴን አታውቀውም። "ምን ጎደለን ብለው ነው እነዚህ?" አለች።

በማግስቱ የሥነ ዜጋ መምህራችን ገብቶ ሰሌዳው ላይ "ሕገ ወጥ ሰልፍ" ብሎ ጻፈ። "ትናንት ዜና ያየ ማነው? ምሳሌ ስጡ" አለ። አንዱ ተማሪ ተነስቶ "ዱላ የያዙት ሽማግሌ" ሲል ክፍሉ ሳቀ።

እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ ሰውየው አባቴ ነው። የሄዱት ማዳበሪያ ሊጠይቁ ነው።"

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረ። "ቁጭ በይ" አለኝ። "እዚህ የምንማረው ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም።"

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የእኔም አባት አራሽ ነው፤ እሱም ማዳበሪያ አላገኘም" አለኝ።

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?"

"ከዜናው ወጥቼ ባስተምር ነገ እዚህ አታገኚኝም።"

ባያውቅ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይም ያው ጥያቄ መጣ፤ የቁዩ ሰልፍ የምን ምሳሌ ነው የሚል። እኔ "አቤቱታ" ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ተሰርዞ መጣልኝ።

ክረምቱን አገር ቤት ስገባ እናቴ የጠላ ቤቱን ነገር ነገረችኝ። ጎረቤቶቹ አባቴን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ የቤቱ ባለቤት ድምፁን ከፍ አድርጋለት ነበር። ዜናው አለቀ። ከዚያ አንዱ ነገሩን ለማቅለል ብሎ "አያ ሁከት፣ ይጠጡ እንጂ!" አለ። ተሳቀ። ስሙም በዚያው ጸና። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር በዚህ ስም ይጠራው ጀመር፤ እሱ ግን ለቀልድ አልነበረም።

ማዳበሪያው የመጣው ቡቃያው ከሳሳ በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑ መኪናዎቹ ሲያራግፉ አሳየ፤ "በወቅቱ ቀርቧል" አለ። አባቴ የዚያን ዓመት ምርት ሲወቃ ለገና መጥቼ አውድማው ላይ ነበርኩ። ከጭዱ ክምር አጠገብ ያለውን እህል እያየ "ይኸ እንኳ ለእኛም አይበቃ" ከማለት በቀር ስለ ሰልፉ ምንም አላለም።

በዓመቱ ማዳበሪያው እንደገና ዘገየ። ሰዎቹ ሰንበቴ ላይ እንደገና ተሰበሰቡ። ሁሉም እንሂድ አለ። ማን ይናገር ሲባል ግን አንዱ ሌላውን ያያል፤ "አንተ ተናገር"፣ "ኧረ አንተ ትሻላለህ" ይባባላሉ። አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቦ ተቀምጧል። ጠላው አለቀ፤ ቄሱ አሳረጉ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።