ፋንቱና የመጨረሻዋ ጀልባ

ፋንቱ ጋዙን ዘግታ፣ ሦስት ፎቅ ወርዳ፣ ማታቱ የሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ መሳፈሪያ ድረስ ከሄደች በኋላ «ዘግቼዋለሁ ወይ?» ብላ ተመልሳ የምትወጣ ሴት ናት። ካሳራኒ በሚባለው ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቿ ደረጃው ላይ ሲያገኟት ወጪ ትሁን ተመላሽ መጠየቅ ከተዉ ቆይተዋል። ዕድሜዋ ስልሳ አራት ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው እዚያው ከተማ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ እትዬ ዓለምፀሐይና ባለቤታቸው አቶ ባንታየሁ በከፈቱት ምግብ ቤት፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆና ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ድስት አላረረባትም። አንድ ቀን ግን ተረጋግታ አልዋለችም።

ጭንቀቷ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሞያሌ አድርጋ ናይሮቢ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ ከመሃል ከተማ የተሳፈረችበት ማታቱ ወደማታውቀው ዳርቻ ይዟት ሄደ። ያኔ ከስዋሂሊ አንድ ቃል አትሰማም። ያረፈችበት ሰፈር ስም ደግሞ ከአእምሮዋ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ከአንዱ ፌርማታ ወደ ሌላው ስትንከራተት ውላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በአማርኛ ስታለቅስ የሰማ አንድ የአገሯ ነጋዴ አግኝቶ አደረሳት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ በወጣች ቁጥር የሰፈሯን ስም በልቧ ትደጋግማለች።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው እትዬ ዓለምፀሐይ የባሕር ጉዞ ይዘዋት ሊሄዱ የተነሡት።

እትዬ ዓለምፀሐይ ሰባ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል። አቶ ባንታየሁ ካረፉ ወዲህ ምግብ ቤቱን ለልጃቸው ለሱራፌል ለቀው፣ ላቪንግተን የሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ከቤቲ ጋር ይኖራሉ። አንድ ቀን ስልካቸው ላይ ከሞምባሳ ተነሥቶ ዛንዚባርንና ማዳጋስካር ጫፍ ያለችውን ኖሲ ቤ የምትባል ደሴት አዳርሶ የሚመለስ የመዝናኛ መርከብ አዩ። «በዚህ እሄዳለሁ» አሉ። ቤቲ ስለ ጉልበታቸው አነሣች፣ ስለ ደም ግፊታቸው አነሣች፣ ሥራ ትቼ ልከተልሽ አልችልም አለች። እሳቸውም ለአንድ ወር ያህል የመርከቡን ፎቶ ምሳ ላይ እያወጡ አሳዩ። በመጨረሻ ቤቲ ተሸንፋ፣ ፋንቱ አብራቸው የምትሄድ ከሆነ ብላ ፈቀደች።

ፋንቱ ላቪንግተን ስትጠራ ቤቲ በሩን ገርበብ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«እትዬ ፋንቱ፣ ፕሊስ፣ እማዬ ከዓይንሽ እንዳትጠፋ። ሜዲሲኗን በሰዓቱ። ደረጃ ብቻዋን አትውረድ። ወደብ ላይ ስትወርዱ ደግሞ እጇን እንዳትለቂ።»

ፋንቱ እኔ እያለሁ ምንም አይደርስባቸውም ብላ ቃል ገባች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ተጸጸተች። ከወዲያኛው ክፍል እትዬ ዓለምፀሐይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የምታወሩት ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ ሻንጣ ብለው ጠየቁ። ቤቲ በሩን ገጥማ ዘጋችው።

ሞምባሳ ድረስ በባቡር ሄዱ። መርከቡ ላይ ሲወጡ ፋንቱ ሁለት ካርድ አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱን በራሷ ቦርሳ፣ ሌላውን በእትዬ ዓለምፀሐይ ቦርሳ ከተተች። ካርዱ ላይ የመርከቡ ስም፣ የክፍላቸው ቁጥርና የቤቲ ስልክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። እትዬ ዓለምፀሐይ ሰፊ ባርኔጣና ምርኩዝ፣ ከዚያም ሌላ ፋንቱ የምትሸከማት አንዲት ታጣፊ ወንበር ይዘዋል።

ዛንዚባር ላይ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። በስዋሂሊ ፋንቱ ንግሥት ናት። ወደብ ላይ ከተሰለፉት ሹፌሮች መሃል ዕድሜው የገፋውን መርጣ ተነጋገረች። ሰውየውም ፀሐይ ሳትበረታ እንሂድ፣ አምስት ቦታ ከመሮጥ አንዱን ደኅና አድርጎ ማየት ይሻላል ብሎ መከራቸው። በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ቀስ ብለው ሄዱ። እትዬ ዓለምፀሐይ የተቀረጹትን ትላልቅ በሮች በየተራ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ደከም ሲላቸው ወንበራቸውን ጥላ ላይ ዘርግተው፣ የሸንኮራ ጭማቂ እየጠጡ አረፈዱ። ፋንቱ ግን አንድ በር አላየችም። ዓይኗ ከቦርሳው ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ እትዬ ዓለምፀሐይ እግር ሲመላለስ ነው የቆየው። ለምሳ ወደ መርከቡ ሲመለሱ፣ እትዬ ዓለምፀሐይ የትኛውን በር እንደወደደች ጠየቋት። ፋንቱ ግን የመድኃኒታቸውን ሰዓት አስታወሰቻቸው።

ሁለት ቀን በባሕር ላይ ሄደው ኖሲ ቤ ደረሱ። መርከቡ ትልቅ ስለሆነ ወደ ዳር መጠጋት አልቻለም፤ ራቅ ብሎ ቆመና ሰዉ በትንንሽ ጀልባ ይጓጓዝ ጀመር። ጠዋት በበሩ ሥር የገባው ወረቀት የመጨረሻዋ ጀልባ ከደሴቷ የምትነሣው በ16:30 እንደሆነ ይናገራል። ፋንቱ በጣቷ ቆጥራ፣ «አሥር ሰዓት ተኩል» ብላ በሁለቱም ካርዶች ላይ ጻፈች።

ከመርከቡ ወደ ጀልባው ለመሻገር ሁለት መርከበኞች ክንድ ይይዛሉ። ጀልባዋ በማዕበሉ ትነሣለች፣ ትወርዳለች። እትዬ ዓለምፀሐይ ምርኩዛቸውን ለአንዱ ሰጥተው፣ ጀልባዋ ከፍ እስክትል ጠብቀው፣ አንድ እርምጃ ተራመዱና ተቀመጡ። ፋንቱ ዓይኗን ጨፍና ነው የተሻገረችው።

ዳር ደርሳ በስዋሂሊ ሰላምታ ስትሰጥ የመለሰላት የለም። ሰዉ የሚናገረው የአገሩን ቋንቋና ፈረንሳይኛ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ያ የመጀመሪያው የማታቱ ቀን ለፋንቱ ተመልሶ የመጣ መሰላት። በምልክት ተግባብተው በባጃጅ ገበያ ሄዱ፤ በእስር በእስር የሚሸጠውን ቫኒላ አሸተቱ፣ ከቢጫ አበባ የሚወጣ ዘይት እጃቸው ላይ ተቀቡ። እትዬ ዓለምፀሐይ ገና ልባቸው አልረካም ነበር። ፋንቱ ግን «እንመለስ፣ እንመለስ» ብላ ገና በሰባት ሰዓት ወደብ አደረሰቻቸውና ዛፍ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ፋንቱ መርከቡ ላይ ከተሳፈሩ ጀምሮ ደኅና እንቅልፍ አልተኛችም። ጭንቅላቷን ዛፉ ላይ አስደገፈች። እትዬ ዓለምፀሐይ ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ ሲሏት «እሺ» ያለች ይመስላታል። በሕልሟ ይሁን በእውኗ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ስትነቃ አጠገቧ ማንም የለም። ምርኩዙ የለም፣ ባርኔጣው የለም፣ ታጣፊዋ ወንበርም የለችም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን አየች። ከዚያ ጀልባ የሚጠብቀውን ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊት ለፊቱ እየተመለከተች አለፈች። ስልኳ መስመር የለውም። ቤቲ ስትጠይቃት የምትመልሰው ነገር ከአሁኑ በአፏ ይንከባለል ጀመር። አንድ የባጃጅ ሹፌር አስቁማ በምልክት ታስረዳው ጀመር፤ እንደ ምርኩዝ እጇን ዘረጋች፣ እንደ ባርኔጣ ጭንቅላቷን ከበበች። ሰውየው ፊቱ በራ። «አዎ» እንደማለት ራሱን ነቅንቆ አስቀመጣትና ሽቅብ ከነፈ።

ረጅም መንገድ ሄዶ ከአንድ ሆቴል በር ላይ አወረዳት። በረንዳው ላይ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት ነጭ አሮጊት ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ። ፋንቱ አሮጊቷን አየቻቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ሰላምታ ሰጧት። ዞር ስትል ባጃጁ ሄዷል።

ባሕሩ ከታች ይታያታልና በእግሯ ቁልቁል ወረደች። ግን መንገዱ ሲጠማዘዝ ባሕሩ ጠፋ፤ እንደገና ሲታይ በሌላ ወገን ነው፣ መርከቡም የለበትም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ። ያገኘችውን ሁሉ በስዋሂሊ ጠየቀች፣ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፣ በመጨረሻ በአማርኛ ጠየቀች። ልብሷ በላብ ከገላዋ ተጣበቀ። እትዬ ዓለምፀሐይ የሆነ ቦይ ውስጥ ወድቀው፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ ስሟን ሲጠሩ ይታያታል። «አምላኬ፣ እሳቸውን ብቻ» እያለች ትሄዳለች። የጠፋችው ራሷ መሆኗ ገና አልገባትም።

የገባት የተጠበሰ ሙዝ የምትሸጥ አንዲት ሴት በሐዘኔታ አይታ ውኃ ስትሰጣት ነው። ውኃውን ይዛ ቆመችና ቦርሳዋን ከፈተች። ካርዱን አወጣች። ሴትየዋ የመርከቡን ስም ጣቷን እያስኬደች አነበበች። ከዚያ መጥበሻዋን ከእሳት አውርዳ፣ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር ተናግራ፣ የፋንቱን እጅ ያዘች። ደረቷን ነካ አድርጋ «ዛራ» አለች። ፋንቱም ስሟን ነገረቻት። ሌላ አልተነጋገሩም። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፋንቱ እያነከሰች፣ በጓሮ በኩል፣ በዓሣ ነጋዴዎች መሃል፣ ወደብ ደረሱ። ሰዓቱ አሥር ተኩል አልፎ አምስት ደቂቃ ሆኗል።

የመጨረሻዋ ጀልባ ሞተሯ እያጓራ ቆማለች። መሳፈሪያው ደረጃ ላይ፣ ልክ መሃል ላይ፣ እትዬ ዓለምፀሐይ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን እንደ መዝጊያ በመተላለፊያው አጋድመውታል። አንድ ወጣት መርከበኛ አጎንብሶ ይለምናቸዋል።

«ነግሬሃለሁ» አሉት በእንግሊዝኛ፤ «ጓደኛዬ ሳትመጣ ይህ ወንበር አይነሣም።»

ፋንቱን ሲያዩ ወንበሩን አጠፉ። ዛራ ፋንቱን ለመርከበኛው አስረክባ፣ እጇን አውለብልባ ወደ ሙዟ ተመለሰች።

ጀልባዋ ውስጥ ፋንቱ አለቀሰች። እትዬ ዓለምፀሐይ እስክትጨርስ ጠበቋት። የት እንደነበሩም ነገሯት። ከአግዳሚው ብዙም ሳይርቁ፣ መንገዱን ብቻቸውን ተሻግረው፣ ከጀልባዎቹ ጀርባ ባለው አሸዋ ላይ ተቀምጠው፣ በእንጨት የተጠበሰ ዓሣ ገዝተው በልተዋል፤ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረዋል። በዘጠኝ ሰዓት ወደ አግዳሚው ሲመለሱ ፋንቱ የለችም።

«ባንታየሁ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉ። «ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ክንዴን ሳይዘኝ መንገድ ተሻግሬ አላውቅም። ዛሬ ተሻገርኩ። ጥፋቴ ደኅና አድርጌ ሳልቀሰቅስሽ መሄዴ ነው። መሄዴ ግን አይደለም።»

«እኔ እኮ ሞቼ ነበር እትዬ።»

«አውቃለሁ። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አንቺ የሞትሽውን ሞት ስሞት ነበር።»

ፋንቱ ቀና ብላ አየቻቸው። እትዬ ዓለምፀሐይ ይፈራሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

መርከቡ በመመለሻው ዛንዚባር ላይ እንደገና ቆመ። እትዬ ዓለምፀሐይ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ አንድ የታወቀ ቦታ፣ አንድ የታወቀ ሰዓት ወስነን፣ ለአንድ ሰዓት እንለያይ። ፋንቱ እሺ ያለችው ከቃላቸው መውጣት ስላልለመደች ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ሰዓቷን ስንት ጊዜ እንዳየች እሷ ታውቃለች። ቢሆንም አንድ የጨርቅ ሱቅ ገባች፣ ከባለሱቁ ጋር በስዋሂሊ ተከራከረች፣ ካንጋ የሚሉትን ባለ ዓሣ ሥዕል መጎናጸፊያ ገዛች። ከተቀጠረው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድማ ደረሰች። እትዬ ዓለምፀሐይ ቀድመዋታል።

ናይሮቢ ባቡር ጣቢያ የተቀበለቻቸው ቤቲ ናት። ሻንጣውን ጭና መኪናውን ከማስነሣቷ በፊት ዞር ብላ ፋንቱን ጠየቀቻት፤ «እጇን አልለቀቅሽም አይደል?»

ፋንቱ ከሞምባሳ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ ውሸት ስታሰናዳ ነበር የመጣችው።

«ለቅቄያለሁ» አለች። «ኖሲ ቤ ላይ ተጠፋፋን። የጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ጀልባዋን አስቁመው የጠበቁኝ እናትሽ ናቸው።»

ቤቲ መኪናውን አስነሣች። መንገዱ ተጨናንቋል። ፋንቱ ከኋላ ወንበር ሆና የቤቲን ትከሻ ብቻ ታያለች። ኪሌሌሽዋ ሲደርሱ እትዬ ዓለምፀሐይ ማዞሪያው ጋ አውርጂኝ፣ ሱራፌልን ሰላም ልበለው፣ ከዚህ በእግሬ እሄዳለሁ አሉ። ምግብ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፣ ግን ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች ይፈተለካሉ። ቤቲ በመስታወቱ ወደ ፋንቱ አየች።

«እትዬ ፋንቱ፣ ምን ትያለሽ?»

ፋንቱ «ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት» አለች።

እትዬ ዓለምፀሐይ ወረዱ። ጠርዙ ላይ ቆመው ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። አንድ ቦዳ ቦዳ አሳለፉ፣ ሌላም አሳለፉ። የፋንቱ እጅ የመኪናውን በር መክፈቻ ይዟል፤ አልከፈተችውም። ቤቲም ከመሪው እጇን አላነሣችም። ባርኔጣው መንገዱን ተሻግሮ፣ በዛፎቹ ሥር አልፎ፣ ከምግብ ቤቱ በር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሁለቱም በመስኮቱ ይመለከቱ ነበር።