በምላጭ የተፋቀው ግድግዳ

የመጀመሪያ አለቃዬን የናቅሁት አላዋቂ ስለነበረ አይደለም፤ ስለሚያውቅ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱታውን አልሰጠውም።

በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ ፒያሳ አጠገብ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ስንሠራ፣ እኔ ገና የተመረቅሁ መሐንዲስ ነበርኩ። ዲዛይኑ የእሱ ነው፤ ጥሩ ነበር። ክብደቱን ምሰሶዎቹ ይሸከማሉ። ከጎን የሚመጣውን ግፊት፣ ነፋሱንም የመሬት መንቀጥቀጡንም፣ የሚችሉት ግን ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚዘልቁ ሁለት የኮንክሪት ግድግዳዎች ናቸው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለተቀመጠ ከተማ ይህ ቅንጦት አይደለም።

መሠረቱ እንደተሞላ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጣ።

«ምድር ቤቱ አዳራሽ ይሁን» አለ፣ ስዕሉን እያየ። «እነዚህ ግድግዳዎች መድረኩን ይከልላሉ። እዚህ ጋ ይቅሩ፤ ከላይ ይቀጥሉ።»

«ይቻላል፣ ጓድ» አለ አለቃዬ።

ቢሮ ስንመለስ፣ «ሕንፃው ሲወዛወዝ የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ብቻቸውን አይችሉትም፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አልኩት።

«መሬቱ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ አይታወቅም። እምቢ ካልኩ ግን ነገውኑ ነው የምጠየቀው» አለኝ።

ስዕሉን አልለውጥም ስለው ምላጭ አወጣና የምድር ቤቱን ግድግዳዎች ቀለም ከወረቀቱ ላይ ራሱ ፋቀው። እኔም ከዚያ ወዲያ ዝም አልኩ።

ሕንፃው አለቀ። ኃላፊው ሐይቁ የሚታይበትን አምስተኛ ፎቅ ያዘ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት መሬቱ ለጥቂት ሰከንድ ተንቀጠቀጠ። ኃላፊው ደረጃው ላይ ሠራተኞቹን እየገፈተረ ከሁሉም ቀድሞ ግቢው ደረሰ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ግን በአግድመት ተሰንጥቀው ነበር፤ ስንጥቁ ጥፍሬን ያስገባል። አለቃዬ በሲሚንቶ አስደፍኖ ቀለም አስቀባው። በዚያው ሳምንት ኃላፊው «ለሥራ ቅልጥፍና» ብሎ ፎቅ ወደሌለው አሮጌ ቤት ተዛወረና አምስተኛውን ፎቅ ለታይፒስቶች ሰጠ።

ያኔ አልቻልኩም። አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ለታይፒስቶቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። በዕድሜ የሚበልጡት ታይፒስት የጽሕፈት መኪናቸውን አቁመው አዩኝ።

«ግድግዳው ሲፋቅ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ያዘው?»

መልሴን ሳይጠብቁ መኪናቸውን ሸፍነው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወረዱ። አራት ቀን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ማስፈራሪያም ልመናም አላስነሣቸውም። ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ሪፖርት ሳይተየብ ቀረ። በአምስተኛው ቀን ኃላፊው አዳራሹን ዘግቶ ግድግዳዎቹ እንዲሠሩ ፈቀደ።

አለቃዬ ሥራውን «የራሴ የማሻሻያ ሐሳብ» ብሎ አቀረበው። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ለእኔም «ለረዳቱ» ተብሎ አንድ ደረሰኝ። የተየቡትም ያመጡልኝም እኚያው ሴት ናቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ደብዳቤውን ተቀበልኳቸው።