ሰሌን ላይ የተገኘው ፍንጭ

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ጫፍ መጽሐፍ የሚያከራየው ባዘዘው ከወንጀል ልብ ወለድ ሌላ አይነካም። "ገዳዩንማ ማንም ይደርስበታል፤ ጥፋቱ ምን ያህል የእሱ ነው?" ይለኛል። በየመጽሐፉ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ፍርዱን በእርሳስ ይጽፋል፤ ተከራይም ከሥር ይመልስለታል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ስጨቃጨቀው ኖሬያለሁ። ርቦት የሰረቀውን በነጻ ይለቃል፤ ተበድሎ የገደለውን እንኳ "ግማሹ ጥፋት የበዳዩ ነው" ብሎ ይሟገትለታል። ለወረቀት ሰው እንዲህ አንጀቱ የሚላወስ አላየሁም።

ለጎረቤቱ ግን አልራራም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ቡና መቅላት ሲጀምር፣ የወልደጻድቅን ጓሮ ሌባ አራቆተው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ባዘዘውን "አንተ ፍንጭ ታውቃለህ፣ እስቲ እይልን" ብለው ይዘውት ዞሩ። እማማ ኡሙሀኒ ደጅ ሲደርስ ቆመ። እማማ ኡሙሀኒ ከጅማ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ባላቸውን እዚሁ የቀበሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ሰሌናቸው ላይ የተሰጣው ቡና ቀዩም አረንጓዴውም ተደባልቋል።

"የራሱን ቡና የሚለቅም ሰው ቀይ ቀዩን ይመርጣል። ቅርንጫፉን ጠራርጎ የሚሮጥ ሌባ ነው" አለ። መጽሐፍ ቢሆን አጨበጭብለት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀንም አልተቃወምኩትም።

"ወላሂ የራሴን ነው የለቀምኩት" አሉ እማማ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ አንዱ ሽማግሌ። ከዚያ ወዲያ ደጃቸው ድርሽ የሚል ጠፋ። ወር ሳይሞላ ልጃቸው ነጅዋ መጥታ ወደ ቴፒ ወሰደቻቸው።

ሌባው በዓመቱ ሌላ ጓሮ ውስጥ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ የወልደጻድቅንም አመነ። ጆንያው ውስጥ የተገኘው ቀይ ቀዩ ብቻ ነበር። ጥሬው እንደማይሸጥ ሌባም ያውቃላ!

ባለፈው ዓመት ነጅዋ ጓሮውን ልትሸጥ መጣች። "እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቆመች ቆይታ ነበር" አለችው ለባዘዘው። "ካወቅሁ ቤቷንና የአባቴን መቃብር አስጥዬ እንዳልወስዳት ፈርታ ነው ዝም ያለችው።"

ባዘዘው ሳምንት ሙሉ ሱቁን አልከፈተም። ዘንድሮ ቡና መቅላት ሲጀምር "አብረኸኝ ሂድ፣ ብቻዬን አልችልም" አለኝ። ቴፒ እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ ይቅርታውን ያጠና ነበር።

እማማ ኡሙሀኒ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። "እንዴት ሰነበቱ እማማ?" ሲላቸው በድምፁ አወቁት።

"ባዘዘው! አፉ ብዬሃለሁ ልጄ፤ ድሮ ነው አፉ ያልኩህ" አሉ፣ ያጠናውን ሳይጀምር። ከዚያ ወደ ድምፁ ጠጋ ብለው፣ "ቡናዬስ? ቀላ?" ብለው ጠየቁት።

የጓሮው ገዢ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሎበታል። እሳቸው መሸጡንም አልሰሙም። ነጅዋ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ለመነችን።

"ቀልቷል እማማ" አለ ባዘዘው።

"እንግዲያ አንተ ልቀምልኝ። አደራ፣ አረንጓዴው እንዳይደባለቅብህ።"

"እሺ" አለ። እንዳይሰሙት አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ።