በክር የተቀዳው ሾላ

ቆቦ ላይ በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን የሚደፍን ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከጎረቤት ተኳርፏል፣ ወይ ደግሞ አልማዝ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የምናብላላው ጉዳይ ውስጥ ገብቷል። ኡበይድ መጋረጃውን ዘግቶ አልበቃው ብሎ በላዩ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ጆንያ ደርቦበታል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ራቢዓ ክሯንና ኪሮሿን በፌስታል አንጠልጥላ ትመጣና ትገባለች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የኡበይድ ድምፅ፣ ማባዛት እንደሚያስጠና መምህር እየጎተተ ይሰማል።

«ሦስት ባዶ… አምስት ሙሉ… አንድ ባዶ… ዘጠኝ ሙሉ…»

«ኧረግ!» አለች አልማዝ ብርጭቆ ማለቅለቋን ትታ። «ምኑን ነው የሚሞሉት?»

«ጀሪካን ይሆናላ» አልኳት።

«በጨለማ?»

ያን ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር። መግሪብ ሳይደርስ ወሬው ጎረቤት ከተማ ዋጃ ሄዶ፣ እዚያ ሁለት ልጅ ወልዶ ተመለሰ። ራቢዓ ከባሏ ከተፋታች አምስት ዓመቷ ነው፤ ኡበይድ ደግሞ ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሚስት የምትባል ወደ ቤቱ አላስገባም። ለወሬ ከዚህ የተመቸ መሬት የት ይገኛል? እውነቱ ግን ከወሬውም ይብሳል፤ ወሬውን ከነዙት አንዱ ስለሆንኩ እሱን መንገርም የእኔ ፋንታ ነው።

ኡበይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ መሬቱን እንዳይቀሰቅሰው የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰው ነው። ከሮቢት በታች የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ፕሮጀክት ነበር፤ እዚያ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ሥራው ከየጉድጓዱ የወጣውን መመዝገብ ነው፤ ይህን ያህል ሜትር ላይ አሸዋ፣ ይህን ያህል ሜትር ላይ ጠጠር፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሠራተኛው የተጣለውን ዕቃ ተቀራመተው። አንዱ ወንበር ወሰደ፣ አንዱ ጎማ። ኡበይድ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን አሮጌ ኮምፒውተር መረጠ። ሞኒተሩን ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ አከናንቦ ሲመጣ ያየችው አልማዝ፣ «አያ ኡበይድ፣ ሙሽራይቱ ወፈር ትላለች» ብላው ነበር።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ የሚባለው ሳይመጣ የተሠራ፣ ዶስ በሚባለው የድሮ ሥርዓት የሚሄድ ነው። ማውስ የለውም። ሲበራ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ «ምን ልታዘዝ?» እንደማለት። ውሃው እስኪወጣ መጠበቅ የሰለቸው አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ድሮ በፊደል ሥዕል የሚሣልበት ፕሮግራም ጭኖበት ሄዷል። ስክሪኑ ወደ ጎን ሰማንያ፣ ወደ ታች ሃያ አምስት ቤት አለው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ነገር ብቻ ይቀበላል፤ ወይ የፈረንጅ ፊደል፣ ወይ ነጥብ፣ ወይ ደግሞ ከኪቦርዱ አናት ከተደረደሩት ቁልፎች የምትወጣ ጡብ። ሙሉ ጡብ አለ፣ ግማሽ ጡብ አለ፣ በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት ብትን ያለም አለ። ቀለሙ ዐሥራ ስድስት ነው። አማርኛ አያውቅም፤ ኡበይድም እንዲያውቅ አይፈልግም። «ቃል የሚጽፍማ ሞልቷል» ይላል።

መጀመሪያ ገብቼ ያየሁት ማሽላ ነበር። ቀይና ቢጫ ብትን ጡብ እየነሰነሰ፣ እሸቱ አልፎ ራሱን የደፋ የኅዳር ማሽላ ሠርቷል። ከበስተኋላው ዞብል ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ተጋድሟል። በተራራው ሥር፣ ኤ የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ ደርድሮ የአፋር ግመሎች ይወጣሉ። ጠጋ ስትል ፊደል ነው፣ ራቅ ስትል ግመል፣ ዓይንህን ጨፈን ስታደርግ ይራመዳሉ። ዝናቡ በቀረበት ዓመት ደግሞ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በጭረት ዝናብ ሞላው። ውጭ አቧራው ይነዳል፤ እኛ አራት ሰዎች መጋረጃ በወረደበት ክፍል ዝናብ እያየን ተቀመጥን። ስንወጣ አንዳችን ጫማውን ደፉ ላይ ጠረገ። ማንም አልሳቀበትም።

የማሽኑ ችግር አንድ ነው። ዲስኩ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ሥዕሉን አኑርልኝ ሲሉት ሆዱ ውስጥ ያንጎራጉርና አልቻልኩም የሚል መስመር ያወጣል። ስለዚህ የኡበይድ ሥዕል ዕድሜው መብራት እስካለ ድረስ ነው። የቆቦን መብራት ደግሞ እናውቀዋለን። እልም ሲል ማሽላው፣ ግመሉ፣ ተራራው ወደ መሀል ይሰበሰብና አንዲት ነጭ ነጥብ ሆኖ ይጠፋል። ኡበይድ አይበሳጭም። «ሄዱ» ይላል፣ እንግዳ እንደሸኘ ሰው።

ስንቱ ሲሄድበት ዝም ያለ ሰው፣ አንዱ እንዳይሄድበት የፈለገበት ቀን መጣ።

እናቱ እትዬ ዚነት ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗል። ሐኪሙ «ዘግይታችኋል» ብሎ መልሷቸዋል። ሰውን በድምፁ ይለያሉ፤ እኔንማ በእርምጃዬ ነው፣ «ወሬ ሲይዝ ይፈጥናል» እያሉ። አንድ ጠዋት ኡበይድን ጠሩት።

«ልጄ፣ ሾላው ጠፋኝ።»

«የቱ ሾላ፣ እማዬ?»

«የጎሊናው ነዋ! አባትህን ያገኘሁበት። እንዳሻኝ ነበር እኮ የማየው፣ ዓይኔ ከጠፋም ወዲህ። አሁን ሳስበው ቅጠል ቅጠሉ ብቻ ይመጣልኛል፤ ግንዱ እምቢ አለ። አንዴ አግኝቼው ብሄድ ምን ነበረበት?»

ሾላው የለም። ኡበይድ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ የጎሊና ወንዝ ጎርፍ ከነሥሩ ነቅሎ ወስዶታል፤ ቦታው ዛሬ አሸዋ ነው። ፎቶም የለው፤ ያኔ ለሰውም አልተረፈ። የቀረው ኡበይድ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። ተቀመጠና ሣለው። መብራት ወሰደው፤ በማግስቱ እንደገና ሣለው። በአራተኛው ቀን ግንዱ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ተቋጥሮ፣ ፍሬው እንደ ሾላ ደንብ ግንዱ ላይ ተለጥፎ፣ ጥላው ከሥሩ ተነጥፎ አለቀ። ኡበይድ አየውና ትከሻው ወረደ።

«ለማን ነው የሣልኩት?» አለ። «እሷ አታየው። እኔም ነገ አላየው።»

ይህን የሰማችው ለእትዬ ዚነት አጥሚት ይዛ የገባች ራቢዓ ናት። ስልኳን አውጥታ አነሳችው፤ ስልኩ ላይ የወጣው ግን፣ የድሮ ስክሪን በካሜራ ሲነሳ እንደሚያደርገው፣ ወፍራም ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ፣ ከወገቡ በላይ የሌለው ዛፍ ነው። ደግማ ብታነሳው ባሰበት። ስልኩን አስቀምጣ ስክሪኑን ትክ ብላ አየች። በቆቦ ዳንቴል የለበሰውን ቴሌቪዥን ሁሉ ያለበሰችው ራቢዓ መሆኗን እዚህ ላይ ልንገራችሁ።

«አያ ኡበይድ» አለች፣ «ይሄ እኮ ዳንቴል ነው። አንዱ ቤት ሙሉ፣ አንዱ ቤት ባዶ። አንተ ቁጠርልኝ፣ እኔ በክር ልያዘው። እትዬ በጣታቸው ያዩታል።»

ጋቢውና ጆንያው የመጣው በዚህ ነው። ሞኒተሩ አርጅቶ ደብዝዟል፤ የቆቦ ፀሐይ በስንጥቅ ከገባችበት ሥዕሉ አይታይም። ራቢዓ ደግሞ ብርሃን አትፈልግም፤ ጣቷ ያውቀዋል። ኡበይድ ጠዋት ሾላውን እንደገና ይሥላል፤ ከዙሁር በኋላ መብራት እስኪሄድ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ መደዳ በመደዳ ይጠራል። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እኛም ሻይ ቤት ዘጠኝ ቀን አልሰነፍንም።

በዘጠነኛው ቀን ዳንቴሉን እትዬ ዚነት ጭን ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት። ተመለሱ። ደግመው ሄዱ።

«ሾላው ላይ ማን ተቀመጠበት?»

«ምነው እማዬ?»

«ይሄማ ግመል የተኛችበት ቁጥቋጦ ነው! አባትህ እዚህ ሥር ቢቆም ከደረቱ በላይ ውጭ ይቀራል።» ራሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው አለቀና ዳንቴሉን አጣጥፈው መለሱለት። «ይሁን ልጄ። ደክመሃል።»

ኡበይድ ዳንቴሉን ተቀበላቸው። ራቢዓ ግን ወደ ስክሪኑ ሄዳ አንዷን ጡብ በአውራ ጣቷ ለካች፤ መጀመሪያ ወርዷን፣ ከዚያ ቁመቷን። ግንባሯን መታች።

«ያንተ ቤት ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ነው! የኔ ቤት ግራ ቀኙም ላይ ታቹም እኩል ነው። አንተ በር ትጠራልኛለህ፣ እኔ መስኮት እሠራለሁ! እንዴት አይረገጥ ዛፉ?»

የክሩን ጫፍ ያዘችና ሳበችው። የዘጠኝ ቀን ሾላ ቁጭ ብድግ ሳይባል ተተረተረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን መደዳ ሁለት ሁለቴ ትሠራው ገባች። ከውጭ የምንሰማውም ተለወጠ፤ ኡበይድ «አራት ሙሉ፣ ሁለት ባዶ» ይላል፣ ራቢዓ ደግሞ «ድገመው» ትላለች። አልማዝ ይህን «ድገመው» ስትሰማ የያዘችው ስኳር ከእጇ ወደቀ።

ግንዱ ቆመ። ፍሬው በቋጠሮ በቋጠሮ ተለጠፈ። ከሃያ አምስቱ የስክሪን መደዳ ዐሥራ ዘጠኙ አልቆ፣ አናቱ ብቻ ሲቀር መብራት ሄደ። ሁለት ቀን ቆየ። ሲመጣ ደንገጥ ብሎ ነው የመጣው፤ ማሽኑ ቀጭ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ያቺ ጭረት ሳትወጣ ቀረች። ባለሙያ መጥቶ ከፈተው፣ ዘጋው።

ኡበይድ «ሄደ» አላለም። የሞተው ኪቦርድ ላይ ጣቶቹን አስቀምጦ ቁልፎቹን መታ መታ አደረገ።

«ጣቴ ያውቀዋል» አለ፣ «አፌ ግን አያውቀውም። ስንት ሙሉ፣ ስንት ባዶ እንደነበር… ራቢዓ፣ ጠፋኝ።» ልክ እንደ እናቱ።

ይህን ስሰማ እዚያው ነበርኩ። ስኳር ልበደር ብዬ ገብቼ ነው፤ ስኳር ቤቴ ነበረኝ፣ አትጠይቁኝ። አልማዝም ከኋላዬ ሻይ ይዛ ገብታለች፤ ሻይ ያዘዛት ሰው የለም።

እትዬ ዚነት ከመደባቸው እጃቸውን ዘረጉ። «እስኪ አምጡት።»

አናት የሌለውን ዛፍ ሰጧቸው። ከሥሩ ጀመሩ። ፍሬዎቹ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ነካኳቸው፣ «አቦ!» እያሉ። ግንዱን ወጡ። ዳንቴሉ ያለቀበት ጠርዝ ላይ ደረሱና ጣታቸው አልቆመም፤ ባዶ አየር ላይ ወደ ቀኝ ቀጠለ።

«እዚህ ጋ ወደ ዞብል የሚያይ ቅርንጫፍ ነበር።»

«አልነበረም፣ እማዬ» አለ ኡበይድ። «በዚያ በኩል ጉጥ ብቻ ነው።»

«አንተ ያየኸው ከተሰበረ በኋላ ነዋ! የሰበረው አባትህ ነው።»

«አባዬ?»

«አባትህን አራጌን ምን አንካሳ አደረገው ብለው ነገሩህ?»

«በቅሎ ረግጣው።»

«በቅሎ!» እትዬ ዚነት እስኪያስላቸው ሳቁ። «ውሃ ልቀዳ ስወርድ ለማየት እየወጣ ይቀመጥባት ነበር። አንድ ቀን እንስራዬን ተሸክሜ ሥሩ ስደርስ ከነቅርንጫፉ ፊቴ ዱብ! ወላሂ ሳቅኩበት። 'ለሰው እንዳትናገሪ፣ በቅሎ ነው የምለው' አለኝ። ይኸው ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ያቺን በቅሎ ይዤለት ኖርኩ።»

አልማዝ ዓይኗ ፈጦ ወደ እኔ ዞረች። ቆቦ ውስጥ ይህን የሚያህል ወሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ተቀብሮ እኛ ሳንሰማው!

«አንቱው ይንገሩኝ፣ እትዬ» አለች ራቢዓ ክሯን እያነሳች። «ከየት እስከ የት ነበር?»

እትዬ ዚነት ክንዳቸውን ዳንቴሉ ላይ አጋደሙ። «እንዲህ። ከዚህ ወፈር፣ እዚህ ቀለል። አሁን ጎንበስ ይላል፣ እሱን ተሸክሟላ።» ራቢዓ በክንዳቸው ርዝመት ቤት ቆጠረች። ኡበይድ ከጎኗ ተቀምጦ፣ እናቱ የሚሉትን ሙሉና ባዶ እያደረገ ይነግራታል። መስኮቱን የሚያስደፍን ምክንያት ስላልነበረ ጆንያውን አወረድኩት፤ ብርሃኑ ገብቶ ነጩ ክር ላይ ተኛ። ኡበይድ አይቶት የማያውቀው ዛፍ ነበር የሚያድገው።

አናቱ ሊዘጋ ሲል እትዬ ዚነት የራቢዓን እጅ ያዙ።

«ቅርንጫፏ ላይ ሁለት እግር አንጠልጥይልኝ። ትንንሽ ይሁኑ፣ ማንም አይወቅ።»

አንጠለጠለችላቸው።

የሞተው ሞኒተር ዛሬ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። መስኮቱ ክፍት ነው። ራቢዓ ግን ከዙሁር በኋላ ፌስታሏን ይዛ መግባቷን አልተወችም፤ አልማዝ «አሁን ደግሞ ምኑን ይቆጥራሉ?» ብትለኝ እስካሁን ምንም አልተናገርኩም፤ ከእትዬ በቅሎ ተምሬ።

ትናንት ገብቼ፣ ሞኒተሩ ፊት ከተቀመጡት እትዬ ዚነት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጣታቸው ግንዱን ወጣ፣ ቅርንጫፏ ላይ ሄደ፣ እግሮቹ ጋ ቆመ። ውጭ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

«ኡበይድ» አሉ፣ «የሾላው ጥላ ዞረብኝ። ወደዚህ ሳበኝ እስኪ።»

ኡበይድና ራቢዓ የእትዬን መቀመጫ በግራና በቀኝ ይዘው ትንሽ ፈቀቅ አደረጓቸው። እኔም በርጩማዬን አንስቼ ተከተልኩ።