ቅድመ አያቴን የተዋሰው ሰው

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊዲያ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችና፣ «አክስቴ ጽጌ፣ ይቺ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። መነጽሬን ፍለጋ ቦርሳዬን ሳተራምስ ቆየሁ እንጂ ሳላየውም ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። የእናትና አባቷ የሰርግ ፎቶ ነው። ሙሽሮቹ መሐል ቆመዋል፤ በግራ በኩል የሙሽራዋ ዘመዶች ተጨናንቀዋል። በሙሽራው በኩል ያለነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ፀጉሯን ያጎፈረች ቀጭን ልጅ። ልጅቷ እኔ ነኝ።

«ፋሚሊ ትሪ እየሠራሁ እኮ ነው» አለችኝ። «የማሚ ሳይድ አልቋል። የዳዲ ግን ባዶ ነው፤ ከህንድ የመጣ ካርፔንተር አለ ይላል፣ ከዚያ ዝም። አንቺ የዳዲ ሳይድ ነሽ አይደል? በማን በኩል ነው የምንገናኘው?»

«ቅዳሜ ቤት ነይና አጫውትሻለሁ» አልኳት። አባቷ ሰለሞን በሩ አጠገብ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ይስቅ ነበር። ሲስቅ እስከ ዛሬ ራሱን ወደ ኋላ ይወረውራል። በአውቶቡስ ወደ ኬኒንግተን ስመለስ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ንዴት ነው። ከህንድ የመጣው አናጢ የሰለሞን አይደለም፤ የኔ ነው።

የአባቴ አያት ነው። ስሙ ጂቫ ይባል ነበር፤ ክርስትና ሲነሳ ገብረ መድኅን ተባለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ላይ በመርከብ ኤደን ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ዘይላ ተሻግሮ ሐረር ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ በርና መስኮት ሲሠራ ኖረ። እኛ ቤት ስለ እሱ የቀረው ወሬ ጥቂት ነው። ያለ በርበሬ እህል አይወርድለትም ነበር ይባላል፤ ሲናደድ ደግሞ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ከመጋዙ ጋር ይጣላል። አባቴ የማንም ቤት ሲገባ የበሩን ማጠፊያ በጣቱ ሳይነካ አያልፍም ነበር። ለምን እንደሚነካው ጠይቄው አላውቅም፤ አሁን ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

ለንደን ስመጣ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ዘመድ የሚባል በዚህ አገር አልነበረኝም፤ የነበሩኝ ጋሽ ታደሰ ብቻ ናቸው። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሼፈርድስ ቡሽ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ፍላታቸው የኛን ጊዜ ስደተኛ ሁሉ ሲያስታርቁ፣ ሲመክሩ፣ ሲቆጡም ይውሉ ነበር። ኤደን በእንግሊዝ እጅ ስለነበረች የወደቡ የድሮ ወረቀት እዚሁ ለንደን፣ ከወንዙ ማዶ ባለ የመዛግብት ቤት እንደሚገኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሄደሽ ፈልጊው» አሉኝ። «ክፍልሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ ከጂቫ ጋር ብትውዪ ይሻልሻል።»

እውነትም ተሻለኝ። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ቅዳሜን መናፈቅ ጀመርኩ።

ሰለሞን ያኔ እጮኛዬ ለመባል ትንሽ ነበር የሚቀረው። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ሂሳብ አያያዝ ይማራል። «ጽግዬ» ይለኛል፤ ከእናቴ ሌላ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። የክረምቱ ብርድ ገና ባልለቀቀበት አንድ ቅዳሜ አብሮኝ ሄደ። በሩ ላይ ፎቶ ያለባት የአንባቢ ካርድ አወጡለት፤ ያለ እሷ ማንም አይገባም። ፎቶው ዐይኑን ጨፍኖ ወጣ። «የተኛ ሰው ካርድ» እያልኩ ስስቅበት ሠራተኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘን።

የድሮው ወረቀት የተነሳበትን ፊልም በእጅ መዘውር እያዞርን ቀኑን ሙሉ የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ላይ አፈጠጥን። ቅመም ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ ግንበኛ፣ መርከበኛ። ዐይኔ ሊጠፋ ሲል አንዲት መስመር ላይ ደረስን፤ ጂቫ፣ አናጢ፣ ከካች አገር፣ ወደ ዘይላ ተሻጋሪ። አገሩ እዚያው ህንድ፣ ካች ነው ማለት ነው! ከአባቴ ጀምሮ ማንም የማያውቀውን ያገሩን ስም አገኘሁት። እሱ ራሱ ይሁን ሌላ ጂቫ እግዜር ይወቅ፤ እኔ ግን እሱ ነው ብዬ አለቀስኩ። ሰለሞን እጄን ይዞ፣ «እንኳን አገኘሽው ጽግዬ። እንግዲህ ለኔም ዘመዴ ሊሆን ነው» አለኝ።

ስንወጣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ድንች ጥብስ ገዝተን፣ ኮምጣጤ አርከፍክፈንበት ድልድዩ ላይ ቆመን በላን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ዛሬም የሰፈራችን ድንች ጠባሽ በር ላይ ኮምጣጤው ሲሸተኝ ያቺ ልጅ ትታየኛለች፤ ጣቷን እየላሰች ትስቃለች።

በጋው ገብቶ መናፈሻው ሁሉ በሰው ሲሞላ ጋሽ ታደሰ ለሁለታችንም አባት ሆነው ተቀመጡ። ለንደንም ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እኔ የራሴን እንደ ዳዊት አንበለበልኩት። ሰለሞን የአባቱ እናት ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሐረር ነው የተወለደችው፤ አባቷን አላውቀውም» አለ። ጋሽ ታደሰ የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጂቫ ሐረር ላይ እንደቆየ ከኔው ሰምተዋል። «ይሄ ነገር ይጣራ» አሉ።

ሰለሞን ቀልጠፍ ብሎ፣ «እኔ መዛግብት ቤቱ ሄጄ ቼክ አደርጋለሁ ጋሼ። ጽጌ ቅዳሜም ሥራ ገብታለች» አለ። እውነቱን ነው፤ ለሰርጋችን ብዬ ቅዳሜዬን ለሆቴሉ ሰጥቼ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሁለቱ ተያይዘው ክፍሌ መጡ። የለቅሶ ቤት ፊት ይዘዋል። ሰለሞን ጫማውን እያየ፣ «ጂቫ ሐረር ላይ ከሌላ ሴት የወለዳት ልጅ ነበረችው። ስሟን አገኘሁት። አያቴ ናት» አለ። ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩና፣ «ሦስተኛ ቤት ላይ ትገናኛላችሁ። የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። ያን ጊዜ ሰለሞን ቀና ብሎ፣ «እህቴ ነሽ ጽጌ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጽግዬ የለም።

አመንኳቸው። እንዴት አላምን? አንዱ የማገባው ሰው ነው፣ አንዱ ያለ አባቴ አባት የሆኑኝ ሰው ናቸው። ቀናት ሙሉ አልቅሼ ሳበቃ ደግሞ እንግዳ የሆነ መጽናናት መጣልኝ። ባል ባጣ ዘመድ አገኘሁ አልኩ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል የጂቫ ደም ያለበት ሌላ ሰው አለ አልኩ። ሸሚዙን አጠብኩለት፤ ሲያመው አጥሚት ሠርቼ ወሰድኩለት። ለሚያውቀን ሁሉ «እህቴ ናት» ሲል እኔም ቀና እል ነበር። ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ መሆኑን ሰማሁ። እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ከነቤተሰቧ የምትኖር አስቴር የምትባል ልጅ ናት፤ ጨዋ ልጅ፣ በሷ ክፉ ቃል የለኝም። ፈጠነብኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። እህት ስለሆንኩ ስጦታዬ የእህት መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። አያቱ የተጠቀሰችበትን ገጽ አስገልብጬ፣ በመስታወት አሳምሬ ላመጣለት ወሰንኩ። ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሆቴሉ ፈቃድ ጠይቄ ወደ መዛግብት ቤቱ ሄድኩ።

ጂቫን ካገኘሁት ወዲህ አልተመለስኩም ነበር፤ ያ ዝም በሉ ያለን ሠራተኛ ግን አስታወሰኝ። መሳቢያውን ከፈተና አንዲት ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ። «አብሮሽ የመጣው ሰው የዚያን ዕለት ጠረጴዛ ላይ ረስቷት ሄዶ ነው። ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ አልመጣም» አለኝ። ዐይኑን የጨፈነ ሰለሞን መዳፌ ላይ ተኝቷል።

«ያለ ካርድ ሊገባ አይችልም?» አልኩት።

«ማንም አይችልም» አለኝ፤ ኩራትም ነበረበት።

ከዚያ በኋላም ሞኝነቴ አልለቀቀኝም፤ ምናልባት ሌላ ካርድ አውጥቶ ይሆናል ብዬ አስጠየቅሁ። አላወጣም። የሐረር የሚባለውን ፊልም ሁሉ ሳዞር ዋልኩ። ልጅ የለች፣ አያት የለች። ሊያነበው እንኳ አልደከመም። ከክፍሉ ወደ ክፍሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ፈጥሮት መምጣት ይችል ነበር።

በቀጥታ ሼፈርድስ ቡሽ ሄድኩ። ካርዷን ጋሽ ታደሰ ፊት አስቀመጥኳት። ሬዲዮናቸውን ዘጉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ልጁ ልቡ ወደ አስቴር ሄዶ ነበር» አሉ። «መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። አልፈለጋትም ተብሎ ስምሽ በየቤቱ ከሚነሳ፣ ዘመድ ሆነው ተገኙ ቢባል ይሻላል አልኩት።»

«እርስዎ ነዎት የመከሩት?»

«ለክብርሽ ብዬ ነው ልጄ።»

«ጂቫን ፈልጊው ብለው የላኩኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ሰው ሰውን ሊተው ይችላል፤ ቢተወኝ አልቅሼ፣ ረግሜ፣ ይወጣልኝ ነበር። እነሱ ግን ተቀምጠው ተማክረው፣ በዚህ ባዕድ አገር ያለኝን አንድ ነገር መርጠው በእሱ መቱኝ። ደግሞ አመስግኜ ሸሚዝ አጠብኩ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ሙሽራውን ማልበስ የእህት ሥራ ነውና ሸሚዙን ተኮስኩ። ብረቱን ደረቱ ላይ ትንሽ ባቆየው ብዬ አሰብኩ። አላቆየሁትም። ካርዷን ከኮቱ የደረት ኪስ፣ ከመሐረቡ ሥር ከተትኳት። ማወቄን ይወቅ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩ። አንዴ ዐይኔን አይቶ አንገቱን ቢደፋ ይበቃኛል አልኩ።

አዳራሹ በዶሮ ወጥ ሽታ ታፍኗል፤ ከውጭ የኤድመንተን ዝናብ መስኮቱን ይመታል። ሰለሞን ላቡን ሊጠርግ መሐረቡን ሲስብ ካርዷ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። አነሳትና አያት። ከዚያ በዐይኑ እየፈለገ አገኘኝ። ተያየን። ከእንግዶቹ መሐል ተቀምጬ ጠበቅሁት።

ፎቶ አንሺው «የሙሽራው ዘመዶች!» ብሎ ተጣራ። ሰለሞን ካርዷን ኪሱ መለሰና፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማው፣ «እህቴ የት አለች? እህቴን ጥሩልኝ እንጂ!» አለ።

ሴቶቹ እልል እያሉ ገፍተው ጋሽ ታደሰ አጠገብ አቆሙኝ። ፎቶው ላይ እየሳቅሁ ነው።

ከዚያ በኋላ አግብቼ ወልጃለሁ፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። ጋሽ ታደሰም አርፈዋል። ለምን ዝም እንዳልኩ ሲገርመኝ ይኖራል። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ አስቴር በደግነቷ አሳዘነችኝ፤ ከዚያ ልጆቹ ተወልደው «አክስቴ» እያሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ልጆች እንዲህ ሲሉ ምን ይባላል?

ትናንት ቅዳሜ ሊዲያ መጣች። ሻይ ቀዳሁላትና ይህንኑ፣ እንደጻፍኩት፣ ነገርኳት። መሐል ላይ «ዌይት፣ ዳዲ?» አለች፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

«ታዲያ አንቺ ምናችን ነሽ?» አለችኝ።

«ምናችሁም አይደለሁም።»

ይህን ማለት እንዲህ ያማል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ልጅቷን እወዳታለሁ።

ስልኳን አወጣች። «ዲሊት ላድርግሽ?»

«እኔንም አጥፊኝ፣ ጂቫንም ከዚያ አውርጂልኝ» አልኳት። «እሱ የኔ ነው።»

በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ በቃ። ስትወጣ አቀፈችኝ፤ «ቻው አክ...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

ማምሻውን ስልኬ ጠራ። «እህቴ» ብሎ ጀመረ፤ ሰለሞን ነው።

«ስሜን ጥራኝ» አልኩት።

ከበስተጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጽግዬ» አለ።

ዘጋሁበት። ወጥ ቤት ገብቼ፣ በማላውቀው ምክንያት፣ የበሩን ማጠፊያ ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ታደሰን ቀብሬያቸዋለሁ፣ ሰለሞንንም ትናንት ከዘመዶቼ መሐል አስወጥቼዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንግዲህ የሚከዳኝ ሰው አልቀረም ስል ነበር። ስሜን ሲጠራው ግን ልቤ እንደ ያኔው ድንግጥ አለ። የገዛ ልቤ እንኳ አልታመነልኝም።